የእንዶዱ ሊቅ፥ ዶክተር አክሊሉ ለማ

አያቶቻችን ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት የኖሩትን እንዶድ ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እኚህ ሰው እ. ኤ. አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ባለፈ ነበር፤ እርሳቸው ግን አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣ ካለበት ዕቃ አስጨምረው ፈተኑ፤ ሞተ።

ምስጢሩ ሳፖኒን የተባለው ሞለኪውል ነው። አንደኛው ወገኑ ስኳር ስለ ሆነ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ስብን። እድፍ የሚያላቅቀውም፥ የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን የሚበሳውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

በዐድዋው የ5 ዓመት ሙከራ በሽታው በሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ቢልሃርዚያ ከታየበት ከወንጂ መስኖ ብዙ ለማንርቀው ለእኛ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 በአሜሪካ አገር ዐረፉ።