ጄኔራል ዊንጌትና የጎጃም መንገድ

በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌትን ስም ከትምህርት ቤት በር ላይ ያላነበበ ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን ስሙ ስለ ምን እዚያ እንደ ተጻፈ ቢጠየቅ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር የኾነውን ነገር አስታውሶ የሚመልስ ብዙ አይገኝም። የእኒህ ሰው ታሪክ ደግሞ ዛሬ ኢንተርኔትን ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዘረጉ ሰዎች የሚያስተምረው ቁም ነገር አለው።

ኦርድ ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ከብሪታንያውያን ወላጆች ተወለዱ። የመድፈኛ መኰንን ኾነው በሱዳን፥ ኋላም በፍልስጥኤም አገለገሉ። ኢትዮጵያ በፋሺስት እጅ ሳለች ወደ ካርቱም ተልከው፥ በኅዳር 1933 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ጎጃም፥ ሰከላ ላይ ወረዱ። እዚያም ኮሎኔል ሳንድፎርድ ቀድመው ገብተው ከአርበኞች ጋራ ይሠሩና በራዲዮ ከካርቱም ጋራ ይነጋገሩ ነበር።

ዊንጌት አገሩን አይተው የተረዱት ይህን ነው። የጠላት ጦር በቍጥር እጅግ ይበዛል፤ ምሽጎቹ ግን እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በአንድ መንገድ ላይ የተሰኩ ናቸው፤ ቡሬ፥ ማንኩሳ፥ ደምበጫ፥ ደብረ ማርቆስ። መንገዱ ደጋ ደጋውን ተከትሎ፥ ወንዙን እየተሻገረ ሄዶ፥ በመጨረሻ የዓባይን ገደል ይወርዳል። ስንቁም ወሬውም የሚያልፈው በዚያው ነው። ስለዚህ መንገዱ በአንድ ስፍራ ቢዘጋ፥ ሽቦውም ቢቆረጥ፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ምሽግ ሁሉ ዕውርና ደንቆሮ ይኾናል።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግረው አገራቸው ገቡ። የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ከ2,000 ሰው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ከሱዳን ቆላ ዕቃ ጭነው ከተነሡት 15,000 ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በዳገቱና በብርዱ አለቁ። ያም ኾኖ ጦሩና አርበኞቹ ሌሊት ሌሊት እየመቱ፥ ብዙ መስለው እየታዩ፥ ጠላት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ እንዲሸሽ አደረጉት። ጠላት ጥሎት በሄደው በአንድ ምሽግ ስልክ ቢጮኽ፥ ጣልያንኛ ዐዋቂው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አንሥቶ፥ ታላቅ ጦር እየመጣ ነው ብሎ ጠላትን እንዳስደነገጠ ይተረካል። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሰው የሰማውን የሚያመሳክርበት ሌላ መንገድ የለውምና፥ አመነ።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ዊንጌት ከዚያ በኋላ በበርማ ሲዋጉ ቆይተው፥ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሕንድ በአውሮፕላን አደጋ በ41 ዓመታቸው ሞቱ።

ዛሬ ወሬ የሚሄደው በብርሃን ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ከአዲስ አበባ ቡሬ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሴኮንድ 2 ሺሕኛ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ርቀቱ ራሱ ችግር አይደለም። ፋይበሩ ግን እንደ ድሮው ሽቦ ሰው ቆፍሮ የሚቀብረው ወይም በምሰሶ የሚሰቅለው ስለ ኾነ፥ ገደሉን መውረድና መውጣት፥ ጎርፍንና የመንገድ ቆፋሪን መፍራት ግዴታው ነው። በአንድ መንገድ ብቻ የመጣ መስመር አንድ ስፍራ ላይ ሲበጠስ፥ በፍኖተ ሰላም ባንኩም፥ ሆስፒታሉም፥ ተማሪውም አብረው ዝም ይላሉ።

መድኃኒቱ ሁለተኛ መንገድ ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ዓባይን በሌላ ስፍራ ይሻገራል፤ በባሕር ዳርም በኩል ወደ ወልድያ የሚያደርስ አለ። ነገ በካርታ ላይ መስመር የምታሠምሩ ወጣቶች፥ አንዲት መስመር አሥምራችሁ እርሳሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት የቡሬን ምሽግ አስታውሱ።