ደረቁ እንጨትና አባ ዮሐንስ ሐጺር

ዛሬ የአባ ዮሐንስ ሐጺርን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ሐጺር የግእዝ ቃል ሲሆን አጭር ማለት ነው። ቁመታቸው በጣም አጭር ስለነበረ ነው እንዲህ የተባሉት። በሰልፍ ጊዜ ሁሌ ፊት የምትቆሙ ልጆች፣ ይሄ ታሪክ የእናንተ ነው!

ዮሐንስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ339 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብፅ ነው። ቤተሰቦቹ ድሆች ነበሩ። 18 ዓመት ሲሆነው ለመመንኮስ ወደ አስቄጥስ በረሃ ሄደ። ይሄ በረሃ ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው መንገድ በኩል ይገኛል፤ ዛሬ ዋዲ ናትሩን ይባላል። እዚያም አባ ባሞይ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀብለው አስተማሩት።

ዮሐንስ ወጣት እያለ ያደረገው አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። መላእክት ሥራ ሳይሠሩ እግዚአብሔርን ብቻ እያመሰገኑ እንደሚኖሩ ሲያስብ እሱም እንደነሱ መኖር አማረው። ልብሱን ጥሎ ወደ በረሃ ገባ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና የወንድሙን በር አንኳኳ። ወንድሙ ግን ዮሐንስማ መልአክ ስለሆነ ከሰው ጋር እንደማይኖር ነገረውና እስኪነጋ ድረስ አልከፈተለትም። ሲነጋ ከፈተለትና ሰው ከሆነ ሠርቶ መብላት እንዳለበት መከረው። ዮሐንስም ይቅርታ ጠየቀ።

አንድ ቀን አባ ባሞይ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ በየቀኑ ውሃ እንዲያጠጣው ዮሐንስን አዘዙት። ደረቅ እንጨት እንደማይበቅል እኛ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። ሥር የለው፣ ቅጠል የለው! ዮሐንስም ቢሆን ይሄን አያጣውም። ውሃው ደግሞ ሩቅ ስለነበረ ማታ ወጥቶ ጠዋት ነበር የሚመለሰው። ሆኖም ለምን ብሎ አልተከራከረም። ታሪኩ እንደሚለው በ3ኛው ዓመት እንጨቱ ለመለመና ፍሬ አፈራ። አባ ባሞይም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደው የመታዘዝ ፍሬ መሆኑን ነገሯቸውና መነኮሳቱን አበሏቸው።

እኔን በጣም የገረመኝ ፍሬው አይደለም። የገረመኝ በ2ኛው ዓመት ያለው ዮሐንስ ነው። ያኔ ምንም አልታየም፤ አንዲት ቅጠል እንኳ የለችም። እሱ ግን ሲመሽ ውሃ መቅጃውን ይዞ ይወጣል። ምክንያቱ ባይገባውም መምህሩን ያምናቸው ነበር።

ታዲያ የታዘዝነውን ሁሉ ዝም ብለን እንፈጽም ማለት ነው? አይደለም! አባ ባሞይ ያዘዙት ነገር ዮሐንስን ያደክመዋል እንጂ ማንንም አይጎዳም። አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ ሰው አልበደለም። ሐዋርያትም ስለ ክርስቶስ እንዳያስተምሩ ሲከለከሉ እሺ አላሉም። ስለዚህ ክፉ ነገር የሚያዘን ወይም ከእናትና ከአባታችን እንድንደብቅ የሚነግረን ሰው እንደ አባ ባሞይ አይደለም። እንደሱ ያለውን መታዘዝ የለብንም፤ ለምናምነው ትልቅ ሰው መናገር አለብን።

ከጊዜ በኋላ አባ ባሞይ በጠና ታመሙ። ዮሐንስም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሰለች አስታመማቸው። መምህሩ ሊያርፉ ሲሉ እጁን ይዘው ይሄ ልጅ ሰው ሳይሆን መልአክ መሆኑን በመነኮሳቱ ፊት መሰከሩለት። አያችሁ፣ ልብሱን ጥሎ በረሃ በመግባት ያላገኘውን መልአክነት ውሃ በመቅዳትና በሽተኛ በማስታመም አገኘው።

አባ ዮሐንስ በኋላ እሳቸውም የብዙ መነኮሳት መምህር ሆኑ። በስተእርጅናቸው በርበሮች አስቄጥስን ሲወሩ ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ ሸሹ። ሞትን ፈርተው ግን አልነበረም። አንድ በርበር እሳቸውን ገድሎ በሳቸው ምክንያት ሲኦል እንዳይገባ አስበው ነው። ለሚገድላቸው ሰው እንኳ አዘኑ ማለት ነው! እዚያው ቁልዝም በሚባል ቦታ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አረፉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥቅምት 20 ቀን ታስባቸዋለች።

ውድ ጓደኞቼ፣ እኛም ቤት ውስጥም ሆነ ክፍል ውስጥ ጥቅሙ ያልገባን ግን መልካም የሆነ ነገር ስንታዘዝ 2ኛው ዓመት ላይ እንዳለን እናስብ። ቅጠሉ ገና ስላልታየ ውሃ ማጠጣቱን አንተው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!