ይድነቃቸው ተሰማ

በጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ የምትማሩ ተማሪዎች፣ ከትምህርት በኋላ ሜዳ ወርዳችሁ ለኳስ ጨዋታ ስትከፋፈሉ ቡድናችሁን በምን ትመርጣላችሁ? ፈጣኑን፣ አጥብቆ የሚመታውን ትመርጣላችሁ እንጂ የቆዳውን መልክ አይታችሁ ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ አትሉም። ይህ ለእናንተ ተራ ነገር ነው። አሁን ታሪካቸውን የምታነቡላቸው ሰው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱት ስለዚሁ ተራ ነገር ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው፣ ድምፃቸው በጀርመን አገር በሸክላ የተቀረጸላቸው ስመ ጥሩ ባለ ቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት የፋሺስት ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ ጣሊያኑና ኢትዮጵያዊውም በየፊናው እንጂ አብሮ እንዳይጫወት ተደረገ። ወጣቱ ተጫዋች የዘር መድልዎን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳው ነው።

እስከ 1950 ዓ.ም. ከዚህ ቡድን አልተለዩም። በ365 ግጥሚያዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ሆኖም እየተጫወቱ ሳለ የአገሪቱን ስፖርት በማደራጀት ሥራም ተሰማርተው ነበር፤ ዓለም አቀፍ የስፖርት ደንቦችን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሱት እርሳቸው ናቸው። ሰዋስው የምትማሩ እናንተ የዚህን ሥራ ክብደት ሳትረዱት አትቀሩም፤ ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ቡድን ሊያጣላ ይችላልና።

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ካርቱም ላይ ተገናኙ። ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንደምትልክ፣ የተቀላቀለ ቡድን ግን እንደማታሰልፍ አስታወቀች። አስቡት፤ ማኅበሩ ገና መወለዱ ነው፤ አባላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከወጣች የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ይቀራል። ቢሆንም ሦስቱ አገሮች እሺ አላሉም። ደቡብ አፍሪካ ቀረች፤ ከእርሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዚያ ሽንፈት ብድር የተመለሰው በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። በይድነቃቸው አሠልጣኝነት የተመራው የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አባቱ ጣሊያናዊ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በየጉባኤው ስለ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ድርሻ ተከራከሩ፤ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይበልጥ ጸኑ። ያች አገር በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ ተባረረች። እርሳቸው በሥልጣናቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎን ሥርዓት ማፍረስ ጀምራ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች። በጥር 1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ፣ ጥቁርና ነጭ በአንድነት በተሰለፉበት ቡድን አሸነፈች። አምበሉ ኔይል ቶቪ ነጭ ነበር፤ ዋንጫውን ሲያነሣ ኔልሰን ማንዴላ ከጎኑ ቆመው ነበር። አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር።