ውሃን በጠብታ የለኩት መሐንዲስ

በአሽቀሎን ሰፈሮች ስናልፍ እናቶችና አባቶች በየደጃቸው ጤና አዳም፣ ቃሪያና ጎመን ተክለው፣ ከሥሩም ቀጭን ጥቁር ቱቦ ዘርግተው እናያለን። ቱቦውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያሰቡትን ሰው ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። በጋው እየረዘመ፣ ሙቀቱም እየበረታ በመጣበት በዚህ ዘመን ታሪካቸውን ልናስታውሳችሁ ወደድን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲምሓ ብላስ በ1897 በፖላንድ፣ በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። ምህንድስና ተምረው በ1930 ወደ እስራኤል ምድር መጡ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደው ሳለ እንግዳ ነገር ተመለከቱ። በአንድ መስመር ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ገዝፏል፤ ውሃ ግን የሚያጠጣው የለም። አፈሩን ቆፍረው ሲያዩ ከአንድ ቧንቧ መጋጠሚያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ላዩ ላይ እርጥበቱ መዳፍ አይሞላም፤ ከሥር ግን እንደ ሽንኩርት ሰፍቶ ሥሩን አዳርሶታል። ነገሩ ከአእምሯቸው አልወጣም፤ ሥራ ላይ እስኪያውሉት ግን ብዙ ዘመን አለፈ።

በመካከሉ የአገሪቱን ውሃ ሲዘረጉ ኖሩ። በ1937 ከሌዊ ኤሽኮልና ከሌሎች ጋር ሆነው መኮሮት የተባለውን የውሃ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1946 የዮም ኪፑር ጾም በተፈታበት ሌሊት በኔጌቭ በረሃ 11 መንደሮች በአንድ ጊዜ ሲቆረቆሩ፣ ውሃ እንዴት ይድረሳቸው የሚለው ጥያቄ የእርሳቸው ዕዳ ሆነ። ከእኛ ከተማ ብዙም ከማይርቀው ከኒር ዓም ጉድጓዶች ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ዘረጉ። ቧንቧዎቹ የመጡት ከእንግሊዝ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ለንደን በቦምብ ስትነድ ለእሳት ማጥፊያ ያገለገሉ ነበሩ ይባላል።

ከነጻነት በኋላ ከሰሜን ወደ ደቡብ ውሃ የሚያመጣውን ትልቁን አገር አቀፍ መስመር ካቀዱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ብላስ ነበሩ። ነገር ግን ሥራው ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። እርሳቸውም የሚበገሩ ሰው አልነበሩምና በ1956 ሥልጣናቸውን ትተው ወጡ። መስመሩ በ1964 ሲመረቅ የመሪነቱ ቦታ ላይ አልነበሩም። ይህ ቅሬታ ቀላል አልነበረም። ለእኛ ግን በጎ ውጤት ያመጣ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ጊዜ ያገኙት ያኔ ነው።

ዕድሜያቸው ስድሳን ሲጠጋ ወደዚያች ዛፍ ተመለሱ። ፕላስቲክ በርካሽ መገኘት ጀምሮ ነበር። ቀዳዳውን እጅግ ካጠበቡት በአፈርና በጨው ይደፈናል፤ ካሰፉት ደግሞ ውሃው ይፈሳል። ብላስ ከልጃቸው ከየሻያሁ ጋር ሆነው ውሃው በረጅም ጠመዝማዛ መንገድ እንዲጓዝ አደረጉት። በጉዞው ጉልበቱ ይደክምና ቀዳዳው ሳይጠብ በጠብታ ይወጣል።

ብዙ ባለሙያዎች ሐሳቡን ተጠራጠሩት። በ1965 የተቀበሏቸው ከቤርሼባ አጠገብ ያሉት የሓጼሪም ኪቡጽ ሰዎች ናቸው። ሓጼሪም በዚያ በ1946ቱ ሌሊት ከተቆረቆሩት ከ11ዱ አንዷ ናት። መሬታቸው ጨዋማ፣ ውሃቸው ጥቂት ስለነበር ኪሳራውንም ትርፉንም በጋራ ሊካፈሉ ተስማሙና ኔታፊም የተባለውን ፋብሪካ አቆሙ። የሓጼሪም ቱቦ ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተሻገረ፤ የጠብታ መስኖ ዛሬ በእኛው አገር በዝዋይ የአበባ እርሻዎችም ይሠራበታል።

ብላስ ያሳለፉትን የውሃ ክርክርና ሥራ በ1973 በመጽሐፍ አሳተሙ። በ1982 አረፉ። አሽቀሎን የባሕሩን ውሃ እያጣራች መጠጣት የጀመረችው ከ23 ዓመት በኋላ በ2005 ነው።