ሕርቃል፤ ድል አድርጎ የተሸነፈው ንጉሥ

ከዐቢይ ጾም ሳምንታት የመጀመሪያው፣ ዘወረደ የሚባለው፣ ጾመ ሕርቃልም ይባላል። ስሙን ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ጠይቀን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ሕርቃል ከ610 እስከ 641 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የነገሠ፣ የታሪክ ሊቃውንት ቢዛንታይን የሚሉት የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ575 ገደማ ሲሆን ትውልዱ ከአርመን ወገን እንደ ሆነ ይነገራል። አባቱ፣ እሱም ስሙ ሕርቃል፣ በሰሜን አፍሪቃ በካርታጎ ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበረ። በ602 ፎቃስ የሚባል ተራ የጦር አለቃ ንጉሠ ነገሥቱን ማውሪቅዮስን ከነልጆቹ አርዶ ዙፋኑን ያዘ። በ608 አባትና ልጅ በፎቃስ ላይ ተነሡ። ኒቄጣስ የተባለው የአጎቱ ልጅ ግብፅን ሲይዝ፣ ወጣቱ ሕርቃል በመርከብ ወደ ዋናው ከተማ አቀና፤ በ610ም ፎቃስን አስገድሎ ዘውድ ጫነ። ይህን ታሪክ ከሚተርኩት መጻሕፍት አንዱ የኒቅዩስ ጳጳስ ዮሐንስ መደብር የጻፈው ነው። መጽሐፉ ዛሬ የሚገኘው ከዐረብኛ በተመለሰው በግዕዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ ስለዚያ ዘመን ለማወቅ ወደ ግዕዝ ይመጣሉ። የሚያሳዝነው ግን በመካከሉ 30 ዓመት ያህል ጎድሏል፤ የጎደለውም በትክክል የሕርቃል ዘመን ነው።

ሕርቃል ዘውዱን ያዘ እንጂ አገሩ በእጁ አልነበረም። የፋርስ ንጉሥ ዳግማዊ ኮስሮ የማውሪቅዮስን ደም እመልሳለሁ በሚል ሰበብ ጦርነት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። በ613 ደማስቆ ተያዘች። በ614 ኢየሩሳሌም ወደቀች፤ ቅዱስ መስቀሉም ወደ ፋርስ ተማረከ። በ619 እስክንድርያ ስትያዝ ቁስጥንጥንያን ይመግብ የነበረው የግብፅ ስንዴ ቀረ። ለከተማው ሕዝብ በነፃ ይታደል የነበረውም እንጀራ በ618 ተቋርጦ ነበር። በዚህ ጊዜ ሕርቃል ቤተ መንግሥቱን ወደ ካርታጎ ለማዛወር አሰበ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ፓትርያርኩ ሰርግዮስም ከተማዋን ትቶ እንዳይሄድ በቤተ ክርስቲያን አማለው። ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑ የወርቅና የብር ዕቃ በብድር ተወስዶ ቀለጠ፤ ገንዘብ ሆኖም ተመታ። በዚያ ገንዘብ ጦር ሠርቶ በ622 ዘመተ። ነቢዩ መሐመድ ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱት በዚሁ ዓመት ነው፤ በዚያን ጊዜ በቁስጥንጥንያ ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ድፍረት ይሁን እብደት ለመለየት ያስቸግራል። ፋርሶችን ከያዙት አገር አንድ በአንድ በማስለቀቅ ፈንታ በአርመን በኩል ዞሮ የራሳቸውን አገር ወጋ። በ626 አቫሮች በአንድ በኩል፣ ፋርሶች በሌላው በኩል ሆነው ቁስጥንጥንያን ሲከብቡ እንኳ ራሱ አልተመለሰም። ከተማዋን ያዳኑት ቅጥሯ፣ የባሕር ኃይሏና የሰርግዮስ ጽናት ናቸው። በ627 ዓ.ም. በታኅሣሥ ብርድ በነነዌ አጠገብ የፋርስን ጦር ድል አደረገ። በ628 ኮስሮን የገዛ ልጁ ገልብጦ አስገደለው፤ የተወሰደውም አገር ሁሉ ተመለሰ። በ630 ሕርቃል መስቀሉን ይዞ ኢየሩሳሌም ገባ። በጦርነቱ ስለ ፈሰሰው ደም ሕዝበ ክርስቲያኑ ስለ እሱ ጾመ የሚለው የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ከዚህ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ቢሞት ኖሮ ስሙ ከታላቁ እስክንድር ጎን በተጻፈ ነበር። ዳሩ ግን የድሉ ዋጋ ገና አልተከፈለም ነበር። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕዳ አለ። በሶርያና በግብፅ ብዙ ዓመት በፋርስ እጅ ያደገ ወጣት የሮምን ሹም አያውቅም። ከዚህ ሁሉ የከፋው የሃይማኖቱ ጉዳይ ነበር። በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ግብፅና አብዛኛው ሶርያ ከቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ነበር። ሕርቃል አስታራቂ ቃል አገኘሁ ብሎ አዲስ የሃይማኖት ቀመር አወጣ፤ ማንንም አላስታረቀበትም። በ631 ወደ እስክንድርያ የላከው ቂሮስ ቅብጦችን በግድ ሊያሳምን ሲሞክር ፓትርያርካቸው ብንያም ሸሽተው ተሸሸጉ። በእኔ አስተያየት የሕርቃል ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። በሰይፍ ያስመለሰውን ሕዝብ በሹሙ ጅራፍ አራቀው።

ዐረቦች በ634 ሶርያ ሲገቡ ሕርቃል የስልሳ ዓመት ያህል ሰው፣ በሽተኛም ነበር። በነሐሴ 636 በያርሙክ ወንዝ አጠገብ ለቀናት በተደረገው ጦርነት፣ ከኻሊድ ኢብን አልወሊድ ጦር ጋር የተጋጠመው ሠራዊቱ ተደመሰሰ። በዚህ ጊዜ የወሰነውን ውሳኔ ብዙዎች እንደ ሽሽት ያዩታል። ሌላ ጦር ሰብስቦ በሶርያ ሜዳ ዕድሉን ዳግመኛ አልሞከረም። የተረፈውን ወታደር ከታውሮስ ተራራ ማዶ አሳለፈ፤ ጠላት እንዳይሰፍርበትም በድንበሩ ያለውን አገር ባዶ አስደረገ።

የፋርስ ንጉሥ ያዝዴገርድ ሣልሳዊ ያደረገውን ብናስተያይ ነገሩ ይገለጣል። እሱ ደጋግሞ ዋና ጦሩን በአንድ ሜዳ አሰለፈ፤ በቃዲሲያ ተሸነፈ፤ በ642 በኒሃዋንድ ደግሞ ተሸነፈ። በ651 ሲገደል አራት መቶ ዓመት ያለፈው የሳሳኒዶች ቤት አብሮት ጠፋ። ሕርቃል ሶርያን አጣ፤ ጦሩንና ከተማውን ግን ለልጅ ልጁ አቆየ።

ለራሱ ግን መጨረሻው መራራ ነበር። ከሶርያ ሲመለስ ባሕር ማየት ፈርቶ ከቁስጥንጥንያ ማዶ ባለው ቤተ መንግሥት ብዙ ጊዜ ተቀመጠ ይባላል። በመጨረሻ ጀልባዎች ተገጣጥመው ድልድይ ተሠራለት፤ ውኃው እንዳይታየውም ግራና ቀኙ በቅጠል ተሸፈነ። ባሕር አቋርጦ መጥቶ ዘውድ የጫነው ይኸው ሰው ነው! ከቁባቱ የወለደው ልጁ ሲዶልትበት ተገኝቶ አፍንጫውና እጁ ተቆረጠ። የእኅቱን ልጅ ማርቲናን በማግባቱ ሕዝቡ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያማው ነበር፤ ሽንፈቱንም የዚያ ኃጢአት ቅጣት ነው ያሉ ነበሩ። የካቲት 11 ቀን 641 ዓ.ም. ሰውነቱ በውኃ አብጦ ሞተ። ዐምር ኢብን አልዓስ ያን ጊዜ ግብፅ ውስጥ ነበረ።

ልጁ ቆስጠንጢኖስ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከተለው። የማርቲና ምላስ፣ የልጇም አፍንጫ ተቆረጠ፤ ዙፋኑ ለ11 ዓመት ሕፃን፣ ለልጅ ልጁ ለቆንስታንስ ተሰጠ። በ642 የመጨረሻው የሮም ጦር ከእስክንድርያ ወጣ። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ዓመት የሚቆይ አይመስልም ነበር፤ ከሕርቃል ዘውድ መጫን ጀምሮ ግን መቶ ዓመት ያህል ዘለቀ። ከታውሮስ ማዶ ያለፉት የአርመንና የምሥራቅ ጦሮች በትንሿ እስያ ሰፍረው የመንግሥቱ ጋሻ ሆኑ። ቆንስታንስ በ668 በሲራኩስ በመታጠቢያ ቤት ተገደለ፤ ልጁ ቆስጠንጢኖስ አራተኛ ግን ከሶርያ ተሰዶ የመጣው ካሊኒኮስ በፈለሰፈው፣ በውኃ ላይ በሚነድ እሳት የዐረቦችን መርከቦች አቃጠለ። የመጨረሻው ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ711 ተገደለ። ዘውዱ ከሕርቃል ቤት ወጣ፤ የታውሮስ ተራራ ግን ከዚያ በኋላም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሁለቱ መንግሥታት ወሰን ሆኖ ኖረ።