አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

አበበ የተወለደው በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ በተባለች መንደር ነው። በልጅነቱ እንደ እኩዮቹ ከብት ይጠብቅና ገና ይጫወት ነበር። ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ በወታደርነት ተቀጠረ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሩጫ ሥልጠና አልነበረውም።

ሩጫን የጀመረበት ምክንያት

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ስለ አበበ የተጻፉ የሕይወት ታሪኮች እንደሚያወሱት፣ የሜልቦርን ተሳታፊዎች በሰልፍ ሲያልፉ አበበ በልብሳቸው ጀርባ ላይ የአገሩን ስም ተጽፎ አየ። እነማን እንደሆኑ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ እሱም ያንን ልብስ ለመልበስ ቆርጦ ተነሣ።

በክቡር ዘበኛ ስፖርተኞችን ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን ተመልክቶ ያሠለጥነው ጀመር። አበበ በሱሉልታ ኮረብታዎችና በአዲስ አበባ መካከል ይሮጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጸመ። ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛውን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር።

ሮም

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። አዲስ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጠ። ከፍጻሜው አቅራቢያ፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወስዶ ሮም ላይ ባቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ በ25 ሰከንድ ብልጫ አሸነፈ። ወደ አገሩ ሲመለስ የማዕረግ ዕድገትና ኒሻን ተሰጠው።

ከሮም በኋላ

የአገሩን ስም በልብሱ የመያዝ ምኞቱ ቢሳካም አበበ ሩጫውን አልተወም። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ማራቶኖችን አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ግን 5ኛ ወጣ።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ እየተዘጋጀ ሳለ የትርፍ አንጀት ሕመም ስለያዘው በመስከረም 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ ሊደርስ የቀረው ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። ውድድሩን እንደጨረሰም በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ እግሩን እያመመው ተሰለፈ፤ ሆኖም 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማራቶኑን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸነፈ።

የመኪና አደጋና የመጨረሻ ዓመታት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳው መኪና ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ ዳግመኛ ግን በእግሩ መሄድ አልቻለም። ውድድርን ግን አልተወም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ።

አበበ በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አርፎ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም ይገኛል።