ለምን ብለው የጠየቁት ምሁር

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ለምን ብለው ጠየቁ። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ካሉ ቀንድ አውጣዎች ጋር አስጨምረው ሞከሩት፤ ሞቱ። በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር ተክል ማጥፋት እንደሚቻል በዚህ ታወቀ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 ዐረፉ።

እንዶድን እናቶቻችንም ያውቁታል። እኛ ዕጩ መምህራን ግን መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ገልብጡ ማለት ይቀናናል። የሱሉልታ ልጅ ከወንዝ ዳር ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ዝም በል ካልነው ጥፋቱ የኛ ነው። የትምህርት ዕቅዳችን በጥያቄ ይጀምር፤ ተማሪው ይገምት፣ ይሞክር፣ ያረጋግጥ።